ሚልዱራ፤ በመስኖ የቆመች ከተማ

በአውስትራሊያ በቪክቶሪያ ክፍለ አገር፣ በመሬይ ወንዝ ዳር ያለችው ሚልዱራ በዘቢብና በብርቱካን የታወቀች ከተማ ናት። ምድሪቱ አስቀድሞ የላቺ ላቺ ሕዝብ ርስት ነበረች፤ በኋላም የነጮች የበግ ማሰማሪያ ሆነች። ዝናብ ስለሚያጥራት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ጆርጅና ዊሊያም ቻፊ የተባሉ ካናዳውያን ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ የሠሩበትን የመስኖ ዘዴ አመጡላት። ነገር ግን ቦዩ ውሃ ያፈስ፣ ገበያውም ይርቅ ነበርና ኩባንያቸው በ1895 ከሰረ። የውሃው አስተዳደር በዚያው ዓመት ለአገሬው የመስኖ ድርጅት ተላለፈ፤ በ1903ም ባቡር ገባ። ጆርጅ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ዊሊያም ከገበሬዎቹ ጋር ቀረ፤ በ1920ም የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነ። እንግዲህ ከተማይቱን የጀመራት የኩባንያ ገንዘብ ቢሆንም፣ ያጸናት ግን ከኪሳራው በኋላ ውሃውን በጋራ የያዙት ነዋሪዎች ትጋት ነው።