የገንዘብ መለያ ማሽን

የገንዘብ መለያ ማሽን ሳንቲሞችን በዓይነታቸው የሚለይ፣ የወረቀት ገንዘብንም ትክክለኛነት የሚመረምር መሣሪያ ነው። ቀላሉ የሳንቲም መለያ የሚያየው ስፋትን ብቻ ነው፤ ሳንቲሞቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ በተደረደሩ ቀዳዳዎች ላይ እየተንከባለሉ በልካቸው ይወድቃሉ። ስፋት ግን ያታልላል። የታይላንድ 10 ባት 26፣ የ2 ዩሮ ሳንቲም ደግሞ 25.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱም ክብደት 8.5 ግራም፣ መልካቸውም ባለ ሁለት ቀለም ነው። ስለዚህ የተሻለው ማሽን ሳንቲሙን በሽቦ ጥቅል አጠገብ ያሳልፈዋል፤ የጥቅሉ መግነጢሳዊ መስክ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ይለዋወጣል። የ2 ዩሮ መሃል ኒኬል ሆኖ ከላይና ከታች በኒኬልና ናስ ቅይጥ የተሸፈነ ነው፤ አስመሳይ መልኩን ቢቀዳ ውስጡ ያጋልጠዋል።

የወረቀቱ ምርመራ ይበልጥ የረቀቀ ነው። ተራ ወረቀት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ደምቆ ያበራል፤ ከጥጥ የተሠራው የገንዘብ ወረቀት ጨለም ብሎ የሚያበሩት ልዩ ክሮቹና ቀለሞቹ ብቻ ናቸው። በኢንፍራሬድ ሲታይ የሥዕሉ ከፊል ይሰወራል፤ መግነጢሳዊ ቀለም ካለም ሌላ መዳሰሻ ያነበዋል። ማሽኑ ይህን ሁሉ በውስጡ ከተጫነው ናሙና ጋር ያነጻጽራል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ይፋ እንደሆነው ባለ 200 ብር ያለ አዲስ ኖት ሲወጣ፣ ናሙናው እስኪጫንለት ድረስ ትክክለኛውንም አልቀበልም ይላል።