የጨዋታ ገጸ ባሕርያትን የሚሥሉ አድናቂዎችና የባለመብቶች ድርሻ

የቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆች ፍቅራቸው በጨዋታው ብቻ አይወሰንም። ብዙዎቹ የወደዱትን ገጸ ባሕርይ በእርሳስ፣ በቀለም ወይም በኮምፒውተር እንደየስሜታቸው ሥለው በበይነ መረብ ያጋራሉ። ይህም የአድናቂ ሥዕል ይባላል። ሥዕሉ የሠዓሊው ቢሆንም ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ሌላ ሰው ነውና የመብት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ጃፓን ናት።

በጃፓን አድናቂዎች ሥራቸውን በራሳቸው ወጪ ያሳትማሉ፤ ኅትመቱም ዶጂንሺ ይባላል። እ.አ.አ በ1975 በቶኪዮ የተጀመረው ኮሚኬት የተባለ የዶጂንሺ ገበያ ያን ጊዜ የነበሩት ታዳሚዎች 700 ያህል ብቻ ነበሩ። በነሐሴ 2019 ግን በአራት ቀናት ውስጥ 730 ሺህ ያህል ጎብኚዎችን አስተናግዷል። በ2007 ሥራ የጀመረው ፒክሲቭ የተሰኘው ድረ ገጽ ደግሞ ማንኛውም ሠዓሊ ከቤቱ ሳይወጣ ሥዕሉን ለዓለም እንዲያሳይ አስችሏል።

የጃፓን ሕግ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ያለ ፈቃድ ሥሎ ማሰራጨትን በነጻ አይተውም። ሆኖም እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የወንጀል ክስ የሚመሠረተው ባለመብቱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች የአድናቂ ሥዕል ጨዋታቸውን እንደሚያስተዋውቅ ስለሚያውቁ ዝምታን ይመርጣሉ። ዝምታው ግን ፈቃድ አይደለም። እ.አ.አ በ1999 አንዲት ሠዓሊ በፖኬሞን ገጸ ባሕርያት ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ዶጂንሺ አሳትማ በመሸጧ በባለመብቱ አቤቱታ ተይዛለች።

ከዝምታ ይልቅ ግልጽ ፈቃድን የመረጡም አሉ። ዙን በሚል ስም የሚታወቀው የቶሆ ፕሮጀክት ጨዋታዎች ፈጣሪ አድናቂዎች ገጸ ባሕርያቱን እንዲሥሉ ፈቅዷል። በአጸፋው ሥራው ከቶሆ የተወረሰ መሆኑ እንዲገለጽና የጨዋታው የራሱ ሥዕሎች እንዳሉ እንዳይገለበጡ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት በአንድ ሰው የተሠሩት ጨዋታዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ሠዓልያን እጅ ዝናቸው ከጃፓን አልፏል። ከ2004 ጀምሮም ለቶሆ አድናቂዎች ብቻ የተለየ ገበያ ይካሄዳል።

በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለባለመብቱ ይሰጣል። ስለዚህ ለመሣል የተነሣ ወጣት አስቀድሞ የጨዋታው ባለቤት ስለ አድናቂ ሥራዎች ያወጣውን መመሪያ ማንበብ፣ ሥዕሉን ሲያጋራም የጨዋታውን ስም መጥቀስ ይገባዋል። የሌላ አድናቂን ሥዕል የራስ አስመስሎ ማውጣት ደግሞ የዚያን ሠዓሊ ድካም መንጠቅ ነው። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሽያጭ ነው፤ ለመዝናናት ሲሣል በዝምታ የታለፈ ሥራ በካናቴራ ወይም በፖስተር ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ ባለመብቱን ወደ ክስ ሊያመራው ይችላልና።