የሪህ በሽታ፦ ምንነቱ፣ የሚያስከትላቸው የጤና ችግሮችና ሕክምናው

ሪህ ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሲከማች በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚከሰት በሽታ ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም “ሪህ” ሲባል ይሰማል፤ ይሁንና ሁሉም የመገጣጠሚያ ሕመም ሪህ አይደለም፤ ሕክምናውም እንደ መንስኤው ይለያያል። በልማድ “የሀብታም በሽታ” ቢባልም፣ ሪህ በማንኛውም የኑሮ ደረጃ ላይ የሚገኝን ሰው ሊይዝ ይችላል። በአግባቡ ከታከመ መቆጣጠር የሚቻል ሲሆን፣ ችላ ከተባለ ግን መገጣጠሚያን እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

በሽታው እንዴት ይከሰታል?

ዩሪክ አሲድ በሰውነት ሴሎችና በአንዳንድ ምግቦች ውስጥ የሚገኘው ፒዩሪን ሲፈራርስ የሚፈጠር ተረፈ ምርት ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወገዳል። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ዋናው ችግር ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን በሚፈለገው መጠን አለማስወገዱ ነው። መጠኑ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን፣ ንጥረ ነገሩ እንደ መርፌ የሾለ ቅንጣት እየሠራ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ሊከማች ይችላል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በእነዚህ ቅንጣቶች ላይ ሲነሣ ከባድ ሕመም ይፈጠራል።

ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑት እነማን ናቸው?

በሽታው ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ በሴቶች ላይ በአብዛኛው የሚታየው ከማረጥ በኋላ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ሪህ ያለበት ሰው መኖር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊትና የአልኮል መጠጥ ተጋላጭነትን ይጨምራሉ። ለደም ግፊት የሚታዘዙ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ፒራዚናማይድ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የዩሪክ አሲድን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ሆኖም ሕሙማን እነዚህን መድኃኒቶች በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ችግሩን ለሐኪማቸው ማስረዳት ይገባቸዋል።

ምልክቶቹ

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሌሊት በድንገት የሚጀምር ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳል። በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚጠቃው የእግር አውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ የእጅ አንጓና ክርንም ሊጠቁ ይችላሉ። የታመመው ቦታ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፤ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል።

ሕመሙ ባይታከምም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊበርድ ይችላል። ብዙዎች የሚዘናጉት በዚህ ጊዜ ነው። ሕመሙ ቢበርድም ቅንጣቶቹ በመገጣጠሚያው ውስጥ ይቆያሉ፤ ሕክምና ካልተደረገ ሕመሙ እየተደጋገመ ይመለሳል።

የሚያስከትላቸውና አብረውት የሚታዩ የጤና ችግሮች

ለዓመታት ያልታከመ ሪህ በጣቶች፣ በክርንና በጆሮ ጫፍ ላይ ጠጣር እብጠቶችን ያወጣል፤ መገጣጠሚያዎችንም ያበላሻል። ዩሪክ አሲድ በኩላሊት ውስጥ ሲከማች የኩላሊት ጠጠር ይፈጥራል። ከዚህም ሌላ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የልብ ሕመምና የኩላሊት ሥራ መድከም በሪህ ሕሙማን ላይ በብዛት ይታያሉ። ስለሆነም ሪህ ያለበት ሰው የደም ግፊቱን፣ የደም ስኳሩንና የኩላሊቱን ሁኔታ በየጊዜው መመርመር ይኖርበታል።

ምርመራና ሕክምና

በሽታውን በእርግጠኝነት ለመለየት የሚያስችለው ከመገጣጠሚያው በመርፌ የሚወሰድ ፈሳሽ ምርመራ ነው። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደም ዩሪክ አሲድ መጠን ትክክለኛ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ከበረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራውን መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ሕክምናው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የተነሣውን ሕመም ማስታገስ ሲሆን፣ ለዚህም ኮልቺሲን፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወይም ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛሉ። ሁለተኛው እንደ አሎፑሪኖል ባሉ መድኃኒቶች የዩሪክ አሲድን መጠን ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማውረድ ነው። ይህ ሕክምና ሕመሙ ለሚደጋገምባቸው፣ ጠጣር እብጠት ለወጣባቸው ወይም የኩላሊት ጉዳት ላለባቸው ሕሙማን የሚታዘዝ ሲሆን፣ በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ስላልሆነ ማቋረጥ አይገባም። ነገር ግን በቆዳ ላይ ሽፍታ ከታየ መድኃኒቱን ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በተደጋጋሚ መውሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ኩላሊት ሲጎዳ ደግሞ ዩሪክ አሲድን የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሪሁም ይባባሳል።

አመጋገብና የአኗኗር ዘይቤ

• ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት አለመመገብ፤ ቀይ ሥጋን መቀነስ። በተለይ ከረጅም ጾም በኋላ በበዓል ሰሞን ሥጋና መጠጥን አብዝቶ መውሰድ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።
• ቢራን፣ ጠላን፣ ጠጅንና ሌሎች የአልኮል መጠጦችን፣ እንዲሁም ስኳር የበዛባቸውን ለስላሳ መጠጦች ማስወገድ ወይም በእጅጉ መቀነስ።
• ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር በቂ ውኃ መጠጣት።
• ክብደትን ቀስ በቀስ መቀነስ።

ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ፒዩሪን ቢኖራቸውም የሪህን ሕመም እንደ ሥጋ አያባብሱም፤ ስለዚህ ከማዕድ ማራቅ አያስፈልግም። በሌላ በኩል የአመጋገብ ለውጥ ብቻውን የዩሪክ አሲድን መጠን የሚቀንሰው በጥቂቱ በመሆኑ፣ የታዘዘን መድኃኒት አይተካም።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የመገጣጠሚያ እብጠትና ሕመም ከትኩሳት ወይም ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያን የሚያበላሽና ለሕይወትም አስጊ የሆነ ሕመም በመሆኑ፣ “የተለመደው ሪህ ነው” ብሎ ሳይዘናጉ በዕለቱ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይገባል።