ጡት ወይስ ጡጦ፤ የአንድ ክርክር ታሪክ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ በአንድ አገር ሕይወትን ያዳነ ምክር በሌላ አገር ለሞት ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ እናቶች ልጆቻቸውን ያጥቡ ወይስ አያጥቡ የተባለው ክርክር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ክርክሩ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ዳኝነቱም በአመዛኙ የተገኘው ችግሩ ከጸናበት ከአፍሪካ የወሊድ ክፍሎች ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

የነገሩ መነሻ 1985 ነው። በዚያ ዓመት ከአውስትራሊያ የወጣ አንድ ዘገባ፣ ከወለደች በኋላ በተሰጣት ደም ቫይረሱ የያዛት አንዲት እናት ልጇን ስታጠባ ሕፃኑም መያዙን ገለጸ። ቫይረሱ በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጡት ወተትም ጭምር ሊተላለፍ እንደሚችል ከዚህ ታወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች እንዳያጠቡ መከሩ። ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ በሚወርድበት፣ የጣሳ ወተትም ከሱቅ በማይታጣበት አገር ምክሩ ትክክል ነበር። ተቅማጥና የምግብ እጥረት ሕፃናትን በሚጨርሱበት አገር ግን ጡት ምግብ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1992 እንዲህ ባሉ አገሮች እናቶች ቫይረሱ ቢኖርባቸውም ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ የሚል አቋም ያዘ። ዓለም ለሀብታምና ለድኻ ሁለት ምክር ሰጠ ማለት ነው።

በ1994 ታላቅ የምሥራች ተሰማ። በአሜሪካና በፈረንሳይ የተካሄደ ጥናት፣ ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ለእናቲቱ በእርግዝናና በምጥ ጊዜ፣ ለሕፃኑም ለስድስት ሳምንት ሲሰጥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቫይረስ ከ25.5 በመቶ ወደ 8.3 በመቶ እንደሚወርድ አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ሕክምናው ውድ ነበር፤ በምጥ ሰዓት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም ነበረበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጥናቱ የታቀፉት እናቶች አያጠቡም ነበር።

ለድኻው ዓለም የሚስማማው መልስ በ1999 ከካምፓላ መጣ። በሙላጎ ሆስፒታል በተደረገው ጥናት እናቲቱ ምጥ ሲጀምራት አንድ የኔቪራፒን ክኒን ትወስዳለች፤ ሕፃኑም በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ሽሮፕ ይጠጣል። ከተወለዱ ከ14 እስከ 16 ሳምንት ሲደርሱ ከእነዚህ ሕፃናት በቫይረሱ የተያዙት 13.1 በመቶ ሲሆኑ፣ በአጭር ጊዜ የዚዶቩዲን ሕክምና ከተረዱት መካከል ግን 25.1 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን እናቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያጠቡ ስለ ነበር፣ በምጥ ሰዓት ከቫይረሱ ያመለጠው ሕፃን በኋላ በወተት የሚያዝበት መንገድ አልተዘጋም።

ታዲያ ጡጦ ይሻል ይሆን? በ2000 የታተመው የናይሮቢ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጡት እንዲጠቡ ከተመደቡት ሕፃናት 36.7 በመቶ፣ የጣሳ ወተት ከተመደበላቸው 20.5 በመቶ በቫይረሱ ተያዙ። በሞት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ያውም የተመረጡት እናቶች ንጹሕ የቧንቧ ውሃ የሚያገኙ ሆነው ሳለ ነው። በ2006 የወጣው የቦትስዋና ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ገለጠው። በሰባት ወር ዕድሜ ከጡጦ ልጆች 9.3 በመቶ ሲሞቱ፣ ዚዶቩዲን እየወሰዱ ጡት ከጠቡት የሞቱት 4.9 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በቦትስዋና ከባድ ዝናብ ጥሎ የተቅማጥ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ መንግሥት የጣሳ ወተት በነጻ ያድል በነበረበት አገር፣ በጽኑ የታመሙት በአብዛኛው ጡት የማይጠቡ ሕፃናት ሆነው ተገኙ። ከቫይረሱ ለማዳን ተብሎ የተወሰደው እርምጃ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል የተጨነቀችው እናት ነበረች። በእኛ አገር አራስ ጠያቂ ብዙ ነው፤ ገንፎ ሊቀምስ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ዘመድና ጎረቤት ሕፃኑ ሲያለቅስ ጡት አለመስጠቷን ያያል፣ ምክንያቱንም ይጠይቃል። ጡጦው ምሥጢሯን ያወጣባታል። ስለዚህ በሰው ፊት ጡት፣ ለብቻዋ ስትሆን ጡጦ የምትሰጥ እናት ብትገኝ የሚያስደንቅ አልነበረም። በ1999 ከደርባን የወጣው ጥናት ግን ከሁሉ የከፋው ይኸው ጡትንና ሌላ ምግብን መቀላቀል መሆኑን፣ ጡት ብቻ የጠቡት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት የተሻለ እንደሆኑ አሳይቶ ነበር።

መውጫው የተገኘው ጡትን በመከልከል ሳይሆን ጡትን በመድኃኒት በመጠበቅ ነው። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ እናቶችም ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በኡጋንዳ ተካሂዶ በ2008 በታተመው ጥናት፣ ለሚጠባው ሕፃን ኔቪራፒን እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜው በየዕለቱ ሲሰጠው በዚያ ዕድሜ የሚታየው መተላለፍ ከ5.3 ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱ ካቆመ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ወተቱ እስካለ ድረስ ጥበቃውም ሊኖር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ይህንኑ መመሪያ አደረገው። በ2011 ማላዊ አንድ እርምጃ ቀደመች፤ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሁሉ፣ የደም ሕዋስ ቆጠራ ሳይጠበቅ፣ ለዕድሜ ልኳ መድኃኒት እንድትጀምር ወሰነች። ኢትዮጵያም በ2013 ይህንኑ መንገድ ተከተለች። በዚህም ልጅን ለማትረፍ የተጀመረው ሥራ እናቲቱንም በሕይወት ለማኖር በቃ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፍ አንድ ቁም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት የተቆጠረው ከቫይረሱ ነጻ የሆነው ሕፃን ነበር፤ ሊቆጠር የሚገባው ግን ነጻም ሆኖ በሕይወትም ያለው ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ነጣጥሎ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የቦትስዋና ዝናብ አስተምሮናል። ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን ነው፤ የቀረው ክኒኑን በመውለጃዋ ቀን መስጠት ብቻ ሳይሆን፣ አራሷ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ጡት እስክታስጥል ድረስ ሳይቋረጥባት መከታተል ነው። ትናንት «አታጥቢ» ያልናትን እናት ዛሬ «አጥቢ» ስንላት እንድታምነን ከፈለግን፣ ምክራችን ለምን እንደ ተለወጠ በግልጽ ልናስረዳት ይገባናል።