የካይሮዋ የስኳር ሙሽሪት

እናቴ ቡፌ ውስጥ፣ ማንም ከማይጠጣባቸው የሰርግ ብርጭቆዎች ጀርባ፣ አንዲት የስኳር ሙሽሪት ቆማለች። ቁመቷ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ከጀርባዋ የወረቀት ማራገቢያ ተለጥፎባታል። ከ14 ዓመት በፊት ከካይሮ በሰው የላከቻት አክስቴ ናት። አክስቴ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ሙሽሪቷ ግን እስከ አምና ክረምት ድረስ ደህና ነበረች።

አምና ሐምሌ ላይ እናቴ «ይቺ ልጅ አላባት እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ጉንጯ ያብለጨልጫል፤ ጣቴን ባስነካት ተጣበቀብኝ። እኔ ደግሞ ኢንጂነር ነኝ ባይ፣ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው፣ ሳላጠና መፍትሔ ሰጠሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳት። በማግሥቱ ሳወጣት የክፍሉ አየር በቀዘቀዘ ገላዋ ላይ ጤዛ ሆኖ ወረደባት። የቀሚሷ ሮዝ ቀለም ወደ እግሯ ፈሰሰ፣ ግራ ዐይኗ ጠፋ። እናቴ ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ግብፅ ውስጥ የነቢዩ ሙሐመድ ልደት፣ መውሊድ፣ ሲደርስ ለሴት ልጆች እንዲህ ያለች ሙሽሪት፣ ለወንዶች ደግሞ በፈረስ የተቀመጠ ፈረሰኛ ይገዛል። ዓረብኛው «ዓሩሳ» ሙሽሪትም አሻንጉሊትም ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ስኳር በውሃ ይፈላል፣ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፣ ሁለት ክፋይ ባለው የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲጠነክር ቅርጹ ይከፈትና ሙሽሪቷ ትወጣለች።

ግብፃውያን ልማዱን ከፋጢማውያን ዘመን ጋር ያያይዙታል። የሙሽሪቷን ትክክለኛ የልደት ቀን ማንም ሊነግረኝ ባይችልም፣ ስኳርን ቅርጽ የማስያዝ ሙያ በዚያ ዘመን ካይሮ ውስጥ እንደነበረ ምስክር አለ። ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስሮ በ1047 እ.ኤ.አ. ካይሮ ደረሰ። በኋላም ለዒድ ግብዣ የተሰናዳውን የኸሊፋውን አዳራሽ ገብቶ አየ። ለግብዣው ብቻ 50,000 መን ስኳር እንደሚመደብ ተነገረው፤ መን የዘመኑ የክብደት መለኪያ ነው። ከገበታው አጠገብ ቅርንጫፉም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም ከስኳር የተሠራ ዛፍ ቆሟል። በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ሺህ የስኳር ምስሎች ነበሩ።

እስቲ አስቡት። ስኳር ውድ በነበረበት ዘመን አንድ ገዥ የስኳር ዛፍ የሚያቆመው እንዲቆይለት አይደለም። እንዲፈርስ፣ እንዲበላ፣ ሰውም «ይህን ሁሉ ለአንድ ቀን!» እንዲል ነው። መጥፋቱ ራሱ የኃይል ማሳያ ነበር።

ከዚያ ስኳሩ ከቤተ መንግሥት ወደ ገበያ ወረደ። በ1442 እ.ኤ.አ. የሞተው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ (ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታትም የጻፈው እሱ ነው) የጣፋጭ ሻጮችን ገበያ ሲገልጽ፣ በረጀብ ወር የስኳር ፈረሶች፣ አንበሶችና ድመቶች በክር ታስረው በየሱቁ ደጃፍ ይንጠለጠሉ እንደነበር ይነግረናል። ትልቁ አሥር ረጥል ይመዝናል፣ ትንሹ ሩብ ረጥል። የሚገዛውም ለልጆች ነው።

ያ ዛፍ ዛሬ የለም። ፈረሶቹንም የምናውቃቸው በጽሑፍ ነው። እዚህ ጋ እንደ ኮድ ጸሐፊ ደነገጥኩ። የቆየው ዕቃው አይደለም፤ የቆየው ያየው ሰው የጻፈው ቃል ነው። ሙሽሪቷንም ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገራት የስኳሩ ጥንካሬ ሳይሆን የእንጨቱ ቅርጽና ቅርጹን የሚያውቅ እጅ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ፕላስቲክ እየተካት ነው። ፕላስቲኳ አያልባትም፣ ጉንዳንም አይወርራትም።

የእኔዋ ግን ስኳር ናት። ለምን አላባት?

ንጹሕ የስኳር ክሪስታል ጠንካራ ነው። በክፍል ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 85 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ከአየር ውሃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። ጉዱ ያለው ሎሚው ጋ ነው። አሲዱ ስኳሩ ሲፈላ የተወሰነውን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። ይህ ለባለሙያው ጥሩ ነው፤ ስኳሩ ገና ሳይፈስስ እንዳይረጋበት ያደርጋል። ለአስቀማጭ ግን ጠላት ነው፤ ፍሩክቶስ 60 በመቶን ትንሽ ባለፈ እርጥበት እንኳ ውሃ መሳብ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

እንደ መስታወት ጥርት ያለ ከረሜላ ይብሳል። እሱ ክሪስታል አይደለም፤ በሳይንሱም መስታወት ነው። ደረቅ ከሆነ የሚለሰልሰው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ጥቂት ውሃ ከገባበት ግን ይህ ቁጥር ወደ ክፍል ሙቀት ይወርዳል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ላዩ ክሪስታል ሠርቶ ይደበዝዛል።

ቫርኒሽ ልቀባት አስቤ ነበር። የቅርስ ጠጋኞች ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል አክሪሊክ ሙጫ አላቸው። በአሴቶን ይሟሟል፤ አሴቶን ደግሞ ስኳር አያሟሟም። በኋላ ማንሳትም ይቻላል። ነገር ግን ስስ ሽፋን እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ውስጧ የገባውን ውሃም አፍኖ ያስቀርባታል። የቀሚሷ ቀለም አሴቶኑን ይቻለው አይቻለው አላውቅም፤ በእሷ ላይ ሁለተኛ ሙከራ ለማድረግ ደግሞ ድፍረቱ አልነበረኝም።

የቀረኝ አማራጭ እሷን ሳይሆን አየሯን መቀየር ነበር። ክዳኑ ጎማ ያለው ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ገዛሁ። ከታች ሲሊካ ጄል አነጠፍኩ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንንሽ ከረጢት የምናገኛት ነገር ናት። አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያም አስገባሁ። ከመስኮት አራቅኳት፣ ብርሃን ቀለም ይበላልና። ቁጥሩ ሲወጣ ሲሊካውን አውጥቼ 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አደርቀዋለሁ፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ይህ ሥራ አያልቅም። ደረቅ አየር ማለት ማብቂያ የሌለው ሜንቴናንስ ነው።

ባክአፕም ያዝኩ፤ ዙሪያዋን በስልኬ እያነሳሁ በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር ምስል ሠራሁላት። ግራ ዐይኗን ግን መልሼ አልሣልኩም። የእኔ ጥፋት የእሷ ታሪክ አካል ሆኗል።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ለአክስቴ አሳየኋት። ማሰሮውን አየችና ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ እንድትበላት እኮ ነው የላክኋት!»

እናቴ ከጎኔ ሆና ቀደመችኝ፤ «እና አንቺ ሳትመጪ ማን ይብላት?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። አክስቴ ስልኩን ወደ ማሰሮው እንዳስጠጋው ጠየቀችኝ፤ ዝም ብላ ብዙ አየቻት።

ዛሬ ጠዋት መለኪያው 43 በመቶ ይላል። ያነበበችልኝ እናቴ ናት። አሁን አሁን ከሰላምታ ቀጥሎ የምትነግረኝ ቁጥሩን ነው።