የድሮ አውቶማቲክ ናፍጣ ቁልቁለት ላይ ለምን ይሸሻል?

ወገኖቼ፣ «የፊልድ መኪናዬ አውቶማቲክ ናፍጣ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይዝም» የምትሉኝ በዝታችኋል። ካምቢዮውን ለማስፈታት አትቸኩሉ። ነገሩ ከመርከብ ይጀምራል። በ1905 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር የተርባይንን ኃይል በፈሳሽ አማካይነት ወደ መርከብ ፕሮፔለር የሚያስተላልፍ መሣሪያ አስመዘገበ። የዛሬው ቶርክ ኮንቨርተር የዚያ ልጅ ነው። ሞተር ጎማን ሲገፋ ጎበዝ ነው፤ ቁልቁል ጎማው ሞተሩን ሲገፋ ግን ዘይቱ መሀል ላይ ይንሸራተታል።

ናፍጣውም የራሱ ጣጣ አለው። ቤንዚን ሞተር ላይ እግር ሲነሳ የአየር በሩ ስለሚዘጋ ፒስተኑ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ መኪናውን የሚይዘው ያ ትግል ነው። አብዛኛው የድሮ ናፍጣ በሩ የለውም፤ የታመቀው አየር እንደ ሞላ ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል።

ይህን ክሌሲ ከሚንስ በ1931 አይቶታል። ናፍጣን ሊያስተዋውቅ አሜሪካን በካሚዮን ሲያቋርጥ (ደፋር ነበር!) ካሊፎርኒያ፣ ካሆን ፓስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከባቡር ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈ። ኋላ የታመቀውን አየር አስቀድሞ የሚለቅ ፍሬን ፈጠረ፤ በ1961 ጄክ ብሬክ ተብሎ ለከባድ መኪና ገበያ ወጣ። የእኛዎቹ ግን አልደረሳቸውም።

እኔ ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ስወርድ ገና ከአናቱ፣ መኪናው ሳይፈጥን፣ ማርሹን ወደ 2 ወይም ኤል አወርዳለሁ። ፎር ሎው ለፒስታ ነው፤ አስፋልት ላይ አታስገቡት።