ውኃን መለወጥና ውኃን መጠበቅ



ስሙን ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በተዋሰው በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተሠሩት ቪላ ቤቶች በአንዳንዱ ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ይታያል። ቀድሞ የቤተ መንግሥትና የታላላቅ ሆቴሎች ጌጥ የነበረው ነገር ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ፥ አንድ የተሸሸገ ሥራም አብሮት ይገባል። ይኸውም ውኃውን ሳይበላሽ የማቈየት ሥራ ነው። ገንዳ ያስቈፈረ ሰው ዐወቀውም አላወቀውም የአንድ ትንሽ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኗል ማለት ነው።

ከእናንተ መካከል አብዛኞቻችሁ ገንዳ የላችሁ ይሆናል፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን የጎረቤት ገንዳ የሚሞላው ሁላችን ከምንጠጣው ውኃ ስለ ሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ዛሬ የሰው ልጅ ውኃን በመለወጥ ከሚያነጻበት ዘመን ውኃን በመጠበቅ ወደሚያነጻበት ዘመን እንዴት እንደ ተሻገረ እንመልከት።

የአባቶቻችንን ልማድ ብንመረምር፥ የመዋኛና የመታጠቢያ ውኃ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው በመለወጥ ነበር። ለዚህ ታላቁ ምስክር በጎንደር ከተማ የሚገኘው፥ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ነው። ይህ ገንዳ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርማል፤ የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሐ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባለታል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላም ውኃው ይፈሳል። ስለዚህ ውኃው ለመበላሸት ጊዜ አያገኝም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቈርቈር ምክንያት ያደረጉት የፍል ውኃም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከምድር ሆድ ያለ ማቋረጥ ስለሚፈልቅ፥ አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ለተከታዩ አዲስ ውኃ ይተካለታል። ወንዝ ወይም ምንጭ በደጁ ያለው ሰው ውኃ ቢለውጥ ማንንም አይበድልም።

ከተማ ሲመጣ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በቧንቧ ውኃ አስገቡ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የእንጦጦ ምንጭ አልበቃም። ስለዚህ ከኮልፌ ወዲያ በአምቦ መንገድ፥ ከመሐል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የገፈርሳ ውኃ ተገደበ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የማጣሪያ ጣቢያ ተሠራለት፤ በ1960ዎቹም በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ ተከተለ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተገደበ ውኃ እንደ ቀሐ የሚፈስ ውኃ አይደለም። ቆሞ ስለሚቈይ አፈር፥ ቅጠልና ዓይን የማያየው ነፍሳት ይከማቹበታል። ስለዚህ በማጣሪያው ጣቢያ በመጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበትና ጭቃው እርስ በርሱ ተያይዞ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ውኃው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይገባበታል። በቤት ግቢ ያለው ገንዳም ትንሽ ገፈርሳ ነው። ልዩነቱ የገፈርሳ ውኃ ተጣርቶ ሲሄድ፥ የገንዳው ውኃ ግን በዚያው ተቀምጦ በየቀኑ ላብ፥ ቅባትና አቧራ የሚቀበል መሆኑ ነው።

የክሎሪን ታሪክ ሩቅ አይደለም። ስዊድናዊው ሼሌ በ1774 እ.ኤ.አ. ይህን አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ ለይቶ አወጣ፤ እንግሊዛዊው ዴቪ በ1810 ስም ሰጠው። ነገር ግን ለውኃ ማንጻት እስኪውል ድረስ ዓለም ብዙ ሕይወት ከፈለች። በ1854 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ዶክተር ጆን ስኖው በሽታው የሚመጣው ከአንድ የሕዝብ ውኃ መቅጃ መሆኑን የሞቱትን ሰዎች ቤት በመቍጠር አሳየ። የዚያ መቅጃ ውኃ ለዓይን ንጹሕ ነበረ። እኛም በ2008 ዓ.ም. አተት በአዲስ አበባ በገባ ጊዜ ይህን ትምህርት ዳግመኛ ተምረናል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ የሚባለው ስለ ጐርፍ ብቻ አይደለም፤ ጥርት ብሎ የቆመ ውኃም እያሳሳቀ ይወስዳል።

በ1908 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ለመላው ሕዝቧ የሚሄደውን ውኃ በክሎሪን ማንጻት ጀመረች። ብዙም ሳይቈይ፥ በ1910 አካባቢ፥ በዚያው አገር የብራውን ዩኒቨርሲቲ መዋኛ በክሎሪን እንዲነጻ ተደረገ። በዚህም ጊዜ ገንዳን ሁልጊዜ መድፋትና መሙላት ግዴታ መሆኑ ቀረ። ውኃን የመጠበቅ ዘመን የተጀመረው እንዲህ ነው።

ነገር ግን ክሎሪን ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም፤ የውኃውን ጠባይ ይጠይቃል። በ1909 እ.ኤ.አ. በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ሶረንሰን፥ ፒኤች የተባለውን የኮምጣጣነት መለኪያ አወጣ። መለኪያው ከ0 እስከ 14 ሲሆን 7 መካከለኛው ነው። እንደ እርሾና እንደ ሎሚ የሚኮመጥጠው ከ7 በታች፥ እንደ አመድ ውኃና እንደ ሳሙና የሚያሟልጨው ከ7 በላይ ይውላል። ክሎሪን ወደ ውኃ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል፤ አንደኛው ተሕዋስያንን ቶሎ የሚገድል ብርቱ፥ ሁለተኛው ደካማ ነው። ፒኤች 7 ሲሆን ከክሎሪኑ ሦስት አራተኛ ያህሉ ብርቱ ነው፤ 7.5 ሲሆን ግማሽ ያህሉ፤ 8 ሲደርስ ግን ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፒኤቹን ሳይለካ ክሎሪን የሚጨምር ሰው፥ ገንዘቡን ወደ ውኃ ይጥላል እንጂ ውኃውን አያነጻም። ለገንዳ የሚስማማው ከ7.2 እስከ 7.8 ነው።

ፒኤች ለምን ከቦታው ይንሸራተታል? ይህን ለመረዳት በገፈርሳ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ተከትለን እስከ አምቦ እንሂድ። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ እየተንጣጣ ይወጣል፤ ክፍቱን ካደረም ያ የሚኮመጥጥ ጣዕሙ ይጠፋል። ኮምጣጣ ያደረገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለ በረረ ነው። የገንዳም ውኃ በነፋስና በዋናተኞች እየተናወጠ ይህንኑ ጋዝ ቀስ በቀስ ስለሚያጣ፥ ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን መንሸራተት በልክ የሚይዝ በውኃው ውስጥ የሟሟ ቢካርቦኔት አለ፤ አልካላይነት ይባላል። በአንድ ሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ሲሆን እንደ ጥሩ ልጓም ነው። ከዚህ ቢያንስ ፒኤቹ ባልታሰበ ጊዜ ይወድቃል ወይም ይዘላል፤ ቢበዛ ደግሞ ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም።

በ1936 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ላንጅሊየር አንድ ስሌት አወጣ። በስሌቱም ፒኤች፥ አልካላይነት፥ የኖራ መጠንና ሙቀት አንድ ላይ ተመዝነው ውኃው የተራበ ወይም የጠገበ መሆኑ ይታወቃል። የተራበ ውኃ ኖራ ለማግኘት ሲል ሲሚንቶውንና የሴራሚኩን መገጣጠሚያ ይበላል፤ የጠገበ ውኃ የያዘውን ኖራ በግድግዳና በቧንቧ ላይ ይጥላል። ሚዛን የሚባለው ውኃው የማይበላና የማይተፋ ሲሆን ነው።

ይህ ነገር በኮልፌ እንዴት ይታያል? ገንዳው የሚሞላው አንዳንዴ ከግድብ በመጣ የቧንቧ ውኃ፥ አንዳንዴ በቦቴ፥ አንዳንዴም በግቢ ከተቈፈረ ጥልቅ ጕድጓድ ነው። ከዝናብ የተጠራቀመ የግድብ ውኃ ብዙውን ጊዜ ማዕድኑ ቀላል ስለ ሆነ የመራብ ጠባይ አለው፤ የጕድጓድ ውኃ ግን ከዐለት ጋር ተቀምጦ የቈየ በመሆኑ ቢካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ጎረቤት የነገረንን መጠን ተቀብለን መድኃኒት መጨመር የማይገባን ስለዚህ ነው። መጀመሪያ መለካት፥ ቀጥሎ መጨመር ይገባል።

ሁለተኛው የአገራችን ጠባይ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው፤ ይህም ጨረር ክሎሪንን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያጠፋዋል። ስለዚህ ክሎሪን የሚጨመርበት ሰዓት ማታ ነው። ክሎሪንን ከፀሐይ የሚጋርድ ሲያኑሪክ አሲድ የሚባል ነገርም አለ፤ በአንዳንዱ የክሎሪን ክኒን ውስጥ ተቀላቅሎ ይሸጣል። ነገር ግን ይህ አሲድ ከውኃው አይጠፋምና፥ እየተጠራቀመ ሲሄድ የክሎሪኑን ጕልበት ያደክማል። ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በሊትር ይበቃዋል።

አሁን በቍጥር እንየው። ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ስፋቱ 5 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 75,000 ሊትር ይይዛል። የሚፈለገው ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ነው። አንዱን ሚሊግራም ለመጨመር 75 ግራም ክሎሪን ይበቃል፤ ይህም ጥንካሬው ከመቶ 65 በሆነው ዱቄት 115 ግራም ያህል፥ ጥንካሬው ከመቶ 5 በሆነ፥ ሽቶና ሳሙና ባልተቀላቀለበት በረኪና ደግሞ አንድ ሊትር ተኩል ነው። አልካላይነቱን በ10 ሚሊግራም ለማሳደግ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ አልካላይነቱ፥ ቀጥሎ ፒኤቹ፥ በመጨረሻ ክሎሪኑ ይስተካከላል። ክሎሪንና ፒኤች በየቀኑ፥ አልካላይነት በየሳምንቱ ይለካሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዓይን ሲቀላና ገንዳው ኀይለኛ ሽታ ሲሸት «ክሎሪን በዛ» ይባላል። በአብዛኛው ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው። የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሠራው ክሎራሚን ነው፤ ፍቱን ፈውሱም ክሎሪኑን መቀነስ ሳይሆን፥ ዋናተኞችን አስወጥቶ ለአንድ ጊዜ ከፍ ባለ መጠን መጨመርና እንደ ገና እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ሰው ሁሉ ሳይገባ በፊት ገላውን ቢታጠብ ግን ከሕመሙ አስቀድሞ መዳን ይሆናል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ፈጽሞ ሊገባ አይገባም፤ ክሎሪን ቶሎ የማይገድላቸው ተሕዋስያን አሉና።

ክሎሪን ከአሲድ ጋር ወይም አንዱ የክሎሪን ዓይነት ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ መቀላቀል እንደሌለበትም ለአትክልተኛው፥ ለዘበኛውና ለቤት ሠራተኛው በሚገባ ይነገር። አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ አይፈስስም። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በኢፕር ከተማ አጠገብ በጦር ሜዳ ሰው የፈጀው ጋዝ ነው። ኋላ በዚያው ከተማ ስም ኢፕሪት የተባለውና በ1928 ዓ.ም. በአባቶቻችን ላይ የዘነበው የሰናፍጭ ጋዝም ክሎሪን ያለበት ነበረ። አንዱ ነገር እንደ አያያዙ ሕፃንን ከኮሌራ ያድናል፥ ወይም ሳንባን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልመለስ። ጠባዩ ያልታወቀ ገንዳ አረንጓዴ ሲሆን ባለቤቱ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ደፍቶ እንደ ገና መሙላት ነው። ይህ የቀሐ ልማድ ነው፤ በደጃችን ግን ቀሐ የለም። የተደፋው 75,000 ሊትር 3,750 ጀሪካን ነው። በቀን አምስት ጀሪካን ለሚበቃው ቤተ ሰብ ይህ የ750 ቀን፥ ማለት ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ውኃ ነው። በፈረቃ ውኃ በሚመጣበት፥ እናቶች ሌሊት ተነሥተው በርሜልና ሮቶ በሚሞሉበት ከተማ፥ ይህን ያህል ውኃ ባለማወቅ ወደ ቦይ መልቀቅ በሕግ ባይጠየቁበትም በኅሊና ያስጠይቃል። ክሎሪን ያለበት ውኃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅም የሚወርደው ወደ ጅረቱና ወደ ጎረቤት አትክልት ነው።

በሚዛን የተጠበቀ ገንዳ ግን ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣውንና በፀሐይ የሚተነውን እየተካ፥ ሲያኑሪክ አሲዱ ሲበዛም በከፊል ብቻ እየተለወጠ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የመለኪያ ዕቃ፥ አንድ የማስታወሻ ደብተርና በየማታው የሚሰጥ ጥቂት ደቂቃ ነው። መዝገብ መያዝና በልክ መሥራት ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዳ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ ደስታው የራሱ ቢሆንም ውኃው የሁላችን ነውና።